ከወንዙ ማዶ የተኛው ወንድም

አውቶቡሱ አባይነሽን መንገድ ዳር አውርዷት ሲፈተለክ የጎማው ውኃ እስከ ወገቧ አለበሳት። ላቨርተን ኖርዝ እግረኛ የሚባል ፍጥረት የሚታወቅበት ሰፈር አይደለም፤ ግራና ቀኙ መጋዘን፣ መካከሉ የከባድ መኪና መንገድ፣ ከዚያ በላይ የሐምሌ ሰማይ ብቻ። ጃንጥላዋን ነፋሱ ገና ከባቡር ጣቢያው ደጃፍ ገልብጦ ሰብሮባታል። የተሰበረውን በብብቷ ሸጉጣ፣ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ፣ በሣሩ ጠርዝ ጭቃውን እየረገጠች ገሰገሰች። ስድሳዎቹን ካጋመሰች ቆይታለች፤ ጉልበቷም የከተማውን ቢሮ ሁሉ ሲያጸዳ ያረጀ ጉልበት ነው። የዚያን ቀን ግን ጉልበት እንዳላት እንኳ ረስታው ነበር።

ቤቷ ካለበት ከአስኮት ቬል ጀምሮ ብቻዋን አልነበረችም። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ብትናገርስ ማን ያምናታል? ባቡሩ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ሰው በሰው ላይ ተደጋግፎ ቆሞ፣ ከእሷ አጠገብ ያለው ወንበር ግን ባዶውን ቀረ። አንዲት ተማሪ ልትቀመጥበት ዝቅ አለችና፣ የተያዘ ወንበር ላይ ልትወድቅ የነበረች ይመስል ደንግጣ «ሶሪ» ብላ ተመልሳ ቆመች። «ሶሪ» ያለችው ለአባይነሽ አልነበረም። አባይነሽ በካፖርቷ ውስጥ አማተበች፤ ከዚያም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ በለሆሳስ፣ በአማርኛ፣ «እሺ፤ አብረን እንሂድ» አለች።

ያን ዕለት ጠዋት የሆስፒታሉ ሐኪም ደውላ፣ «ሊያየው የሚፈልግ ቤተሰብ ካለ ዛሬ ይምጣ» ብላታለች። ቤተሰብ ማለት ሦስት ሰው ነው፤ ታላቃቸው ካሣዬ፣ መካከለኛዋ እሷ፣ ታናሻቸው ጌታቸው። ካሣዬ አልጋ ላይ ነው። ጌታቸው ደግሞ የካሣዬን ስም ሲሰማ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዘጋዋል።

የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ሦስቱንም ያገኛቸው ሜልቦርን ነበር። የሚመርጡበት ካርድ እንኳ አልነበራቸውም። ቢሆንም ካሣዬ የንብ ምልክት ኮቱ ላይ ለጠፈ፤ ጌታቸው ሁለት ጣቱን ቀስሮ በየሰልፉ ወጣ። አንድ እሑድ ፉትስክሬይ በተደረገ የኮሚኒቲ ስብሰባ ላይ፣ ታናሽየው ማይኩን ከታላቁ እጅ ነጥቆ፣ በሞላ አዳራሽ «ባንዳ!» አለው። ካሣዬ ኮቱን ቆልፎ ወጣ። ደጀን አጠገብ የሚያርሱት አባታቸው ወሬው ደርሷቸው ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ አጻፉ። «ንብም ትበራለች፣ ጣትም ይታጠፋል፤ የእናት ልጅ ግን ወዴት ይኬዳል?» አሉ። የሰማቸው የለም። በሚቀጥለው ክረምት አረፉ። ካሣዬ ቤት በተቀመጡት ለቅሶ ላይ ጌታቸው በሩ ላይ ብቅ ሲል ካሣዬ ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ «እኔ ወንድም የለኝም» አለ። ያኔ የተወለዱ ልጆች ዛሬ ጢም አውጥተዋል።

መጋዘኑ በር ላይ ያለው ጠባቂ አብዱልራህማን የወሎ ልጅ ነው። ገና ከሩቅ አወቃት።

«እትዬ አባይነሽ! በዚህ ዝናብ? ምን ሆኑ?»

«ጌታቸውን ጥራልኝ፣ የኔ ልጅ።»

«ፎርክሊፍት ላይ ነው። ክፉ ነገር ነው እንዴ?»

«ካሣዬ ነው።»

አብዱልራህማን ሌላ አልጠየቀም። የእነዚህን ወንድማማቾች ነገር ሜልቦርን ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ወደ ጠባቧ የጥበቃ ቤቱ አስገብቷት፣ ማሞቂያውን ወደ እግሯ አዙሮ፣ በሬዲዮው ተናገረ።

ጌታቸው ብጫ ሰደርያውን እንደለበሰ፣ ጓንቱን በጥርሱ እያወለቀ መጣ። ጸጉሩ እንደ አባታቸው ከመሃል ነው የሸበተው።

«ሞተ?» አለ፣ ገና ሳይደርስ።

«አልሞተም።»

«እና ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«ልወስድህ።»

«እታለም፣ ይህን ነገር ጨርሰናል። ወንድም የለኝም ያለው እሱ ነው፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ይጥራኝ። ከአፉ ይውጣና ይጥራኝ፤ ያኔ እሄዳለሁ።»

አባይነሽ ቀዝቃዛ እጅ ማጅራቷን የነካት መሰላት። ይህን ቃል፣ እንዲሁ እንዳለ፣ ከዚህ በፊት በገዛ አፏ አንብባዋለች። ወንበሩን ይዛ ቁጭ አለች።

«ምነው?» አለ ጌታቸው፤ ድምፁ ለስለስ አለ። «አመመሽ?»

«ውሰደኝ ብቻ።»

«ቤትሽ አድርሼሽ እመለሳለሁ። ሆስፒታል አልሄድም፤ ይሄው ነግሬሻለሁ።»

«ሱፐርቫይዘሩን እኔ አናግረዋለሁ፤ ሂዱ» አለ አብዱልራህማን፣ በሩን እየከፈተ።

መኪናው ገና ዋናውን መንገድ ከመያዙ አንድ የጭነት መኪና ከፊት ተጋድሞ ኖሮ ሰልፉ ቀጥ አለ። መጥረጊያው መስታወቱን ወዲያ ወዲህ ይልሳል። ጌታቸው ሬዲዮ ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ አባይነሽ ያዘችው።

«አንድ ነገር ልንገርህ። እትዬ ኤልሲን ታውቃቸዋለህ?»

«ከታችሽ ፎቅ የሚኖሩትን አሮጊት?»

«አዎ። ዓይናቸው ከፈዘዘ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት አነብላቸዋለሁ። የቅድመ አያታቸው ቤት ደብዳቤ ነው፤ የእህታቸው ልጅ በትልልቅ ፊደል ተይባላቸዋለች። እሳቸው እንግሊዝኛውን በቃላቸው ይዘውታል፤ ‹ባንቺ ቋንቋ አሰሚኝ፤ ድምፁ ደስ ይለኛል› ይሉኛል። እኔም ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነባለሁ።»

«እና የፈረንጅ ደብዳቤ ለኔ ምኔ ነው?»

«ዝም ብለህ ስማ። መንገዱ እንደሆነ ተዘግቷል።»

እንዲህ ስትል ተረከችለት።

አገሩ አሜሪካ፣ ኢንዲያና የሚባለው ነው። ሰዎቹ ገበሬዎች ናቸው፤ አባትየው ኤፍሬም፣ እናትየው ሐና፣ ታላቁ ልጅ አሞጽ፣ ታናሹ ናታን። («ስማቸው የቄስ ቤት ስም ነው» አለ ጌታቸው፣ ሳያስበው።) በቆሎ ያበቅላሉ፣ ዓሣማ ያረባሉ፤ ሐና ማታ ማታ በዘይት ፋኖስ ቁራጭ ጨርቅ እየገጣጠመች የአልጋ ልብስ ትሰፋለች። ዘመኑ በእነሱ አቆጣጠር አሥራ ስምንት መቶ ስድሳ አራት ነው። ሰሜንና ደቡብ ጦር ከተማዘዙ አራተኛ ዓመት ይዟል። አሞጽ ከአባቱ ጋር ያርሳል፤ ናታን ግን ሰማያዊ ካፖርት ለብሶ፣ የነሐስ ቁልፉን አብርቶ፣ ከሊንከን ጦር ጋር ዘምቷል።

በዚህ መካከል የፕሬዚዳንት ምርጫ መጣ።

ኤፍሬምና አሞጽ ጦርነቱ ይብቃ ባዮች ናቸው፤ ድምፃቸው ማክሌላን ለሚባለው ጄኔራል ነው። እንደ እንጨት የጠነከረ የዱር ለውዝ ቅርፊት በመጋዝ ሰንጥቀው እንደ ቁልፍ ደረታቸው ላይ ሰክተዋል፤ የዚያ ወገን ምልክት ያ ነበር። ናታን ደግሞ ከሊንከን ሌላ ስም ሲጠራበት አይወድም። ከጦር ሰፈሩ ሆኖ፣ «ክቡር አባቴ፣ ይህች ደብዳቤ በደህና ታግኝዎት። ጓደኞቼን በእጄ ቀብሬያለሁ፤ በከንቱ የቀበርኳቸው አድርገው እንዳይመርጡ እለምንዎታለሁ» ብሎ ጻፈ።

«አንቱ ነው የሚለው?» ሲል ጌታቸው አቋረጣት።

«እንግሊዝኛው አይለይም። የዚያን ዘመን የገበሬ ልጅ አባቱን አንተ የሚል ስላልመሰለኝ እኔ ነኝ አንቱ ያደረግሁት።»

ኤፍሬም፣ «ልጄ ሆይ፣ ማሳው በአረም ተበልቷል፣ የሚያርስ ወጣት በአገሩ ጠፍቷል፤ ጦርነቱ የሚያልቀው በመቃብር ብዛት ከሆነ ያንተን ልጨምርበት አልፈልግም» ሲሉ መለሱ። ሁለቱም የሚጽፉት ስለሚዋደዱ ነበር።

የምርጫው ቀን ደረሰ። ያን ጊዜ ኢንዲያና ወታደሩን ከጦር ሜዳ ሆኖ ምረጥ አትልም፤ ስለዚህ አዛዦቹ ለናታንና ለባልደረቦቹ አጭር ፈቃድ ሰጥተው በባቡር ወደየአገራቸው ሰደዷቸው። ሐና ሰማች። ዶሮ አረደች፣ የላባውን ፍራሽ አናፈሰች፣ ጣሪያው ሥር ያለውን የልጅነት አልጋውን አነጠፈች። ናታን ግን ባቡሩ ዘግይቶበት ከጣቢያው በቀጥታ ወደ መምረጫው፣ ወደ ሰፈሩ ትምህርት ቤት አቀና።

የዚያ ዘመን ምርጫ በመጋረጃ አልነበረም። የድምፅ ወረቀቱን ፓርቲዎቹ ራሳቸው አትመው ያድላሉ፤ የአንዱ ቀለም ከሌላው ይለያል። መራጩ ወረቀቱን ይዞ፣ አገር እያየው ይሰለፍና በመስኮት ለዳኞቹ ያቀብላል። ናታን ሲደርስ አባቱና ወንድሙ ከመስኮቱ ሥር ቆመዋል። ማንም ሰላም ሳይለው ዓይኑ ያረፈው አባቱ ደረት ላይ ነው፤ ያቺ የለውዝ ቅርፊት። ዘልሎ ነቀላትና በቦት ጫማው ረገጣት። የኤፍሬም ኮት ከደረቱ ተተረተረ። ሽማግሌው የተቀደደውን በእጃቸው ሸፍነው ቆሙ። የተናገረው አሞጽ ነው። «የቀደድከው ልብስ ይሰፋል» አለው። «ከዛሬ ጀምሮ ግን ወንድም የለህም።»

ናታን ድምፁን ሰጠና ወደ ባቡሩ ተመለሰ። መንገዱ በቤታቸው ደጃፍ ነው የሚያልፈው። ሐና ሰማያዊውን ካፖርት ከሩቅ አይታ፣ ሽርጧን እንደታጠቀች እየሮጠች ወጣች። እሱ ቆቡን ከፍ አድርጎ እጅ ነሳና ሳይቆም አለፈ። ከኋላው፣ «ናታን፣ ዶሮው ይቀዘቅዛል!» ስትል ሰማት። ሌላ የሚባል ነገር ጠፍቷት ነው።

ጌታቸው መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ከፊቱ የቆመውን መኪና ቀይ መብራት ይመለከታል።

«ከዚያ በኋላ» አለች አባይነሽ፣ «አባትየው አንድ ደብዳቤ ጻፉለት። ‹ለወታደር ናታን፤ ጌታዬ ሆይ› ብሎ ነው የሚጀምረው። ለገዛ ልጃቸው! ይህን ወደ አማርኛ ስመልስ ሌላ መንገድ አጣሁ፤ አባት ልጁን አንቱ አለው። እትዬ ኤልሲ አማርኛ አይሰሙም፤ ግን ድምፄ ሲሰበር አውቀውት እጄን ያዙኝ።»

ሰልፉ ትንሽ ተንቀሳቀሰና ቆመ። በዚህ መካከል ከመሪው ፊት አንዲት ቀይ መብራት በርታ ጢጥ፣ ጢጥ ትል ጀመር።

«የኋላ ቀበቶ?» አለ ጌታቸው ግንባሩን ቋጥሮ። «ሰው ካልተቀመጠበት እኮ አይጮኽም። እርጥብ ካፖርትሽን ከኋላ አስቀምጠሽው ነው?»

«ካፖርቴን ለብሼዋለሁ።»

ዞር ብሎ አየ። የኋላው ወንበር ባዶ ነው። ወደ ፊት ተመለሰና መብራቷን በጣቱ መታ መታ አደረጋት። አልጠፋችም።

«ልጨርስልህ» አለች እሷ፣ ዞር ሳትል።

የገና በዓል ሳይደርስ አሞጽ በዕጣ ለውትድርና ወጣ። ያንን የጠላውን ሰማያዊ ካፖርት አልብሰው ናሽቪል ወደሚባል ከተማ ሰደዱት። ውጊያ እንኳ አላየም፤ ኩፍኝ ያዘውና ወታደራዊ ሆስፒታል ገባ። የናታን ክፍለ ጦር የሰፈረው ከዚያው ከተማ፣ ከወንዙ ማዶ ነበር። ወንዙ ላይ ጀልባዎች ጎን ለጎን አስረው፣ ሣንቃ አንጥፈው የሠሩት ድልድይ አለ። ሐና ጻፈችለት። «ወንድምህ እዚያው አጠገብህ ነው። ወንዙን ተሻግረህ እየው። ለእኔ ብለህ እየው» አለችው።

ናታን ደብዳቤውን በኪሱ ይዞ ዋለ፣ አደረ። ኋላ ለእናቱ ጽፎ ሳይልከው በቀረው ወረቀት ላይ፣ ያኔ ለጓደኞቹ ያለውን እንዳለ አስፍሮታል። «ወንድም የለህም ያለኝ እሱ ነው። ይጥራኝ። ከአፉ ይውጣና ይጥራኝ፤ ያኔ እሄዳለሁ።»

ጌታቸው አንገቱን ቀስ አድርጎ ወደ እሷ አዞረ።

«የእኔን ቃል ነው የምትደግሚብኝ።»

«የአንተን አይደለም። ተጽፏል። ባለፈው ሳምንት ነው ያነበብኩት፤ ዛሬ ካንተ አፍ ስሰማው ነው ቁጭ ያልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንድ ቀን ጠዋት ልቡ አላስችል አለው። ጢሙን ተላጨ፣ ቁልፉን ወለወለ፣ ድልድዩን ተሻገረ። አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። አስታማሚውን፣ ‹ወንድሜ ጠርቶኝ ነበር?› ብሎ ጠየቀው። አስታማሚው ምን ቢለው ጥሩ ነው? ‹በምን አፉ? ኩፍኙ ጉሮሮውን ዘግቶት ስሙን እንኳ መናገር አይችልም ነበር።›»

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ያቺ መብራት ጢጥ ጢጥ ትላለች።

ናታን ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ እርሻው አልተመለሰም። መርከብ ተሳፍሮ ሜልቦርን ገባ፤ እዚህ አገባ፣ እዚህ ወለደ፤ እትዬ ኤልሲ የልጅ ልጁ ልጅ ናቸው። እዚህ አገር ሰው ብቻውን ገብቶ፣ ማንም ሳያየው ድምፅ ሲሰጥ ባየ ጊዜ፣ መንገድ ዳር ተቀምጦ አለቀሰ ይባላል። ሐና እስክትሞት ጻፈችለት። ደብዳቤዎቿ ሁሉ አንድ ዓይነት ሰላምታ አላቸው፤ «ውድ ልጆቼ አሞጽና ናታን» ይላሉ። ለሙትና ለሕያው ልጇ በአንድ ወረቀት ነበር የምትጽፈው። ባሕር ተሻግራ አልመጣችም። እትዬ ኤልሲ ግን ሌላ ይላሉ። በዚያ ዘር ውስጥ ወንድማማች በተኳረፈ ቁጥር አንዲት ሽርጥ የታጠቀች ሴት በየወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፤ አባታቸውም አይተዋታል፣ እሳቸውም አይተዋታል።

ይህን የመጨረሻውን አባይነሽ ለጌታቸው አልነገረችውም። ያስፈራዋል ብላ ሳይሆን፣ ከኋላ ሆና የምትሰማቸውን ሴት በሐሜት መልክ ማንሳት ስለከበዳት ነው።

መንገዱ ተከፈተ። ፉትስክሬይ ደረሱ። ወደ አስኮት ቬል የሚያሻግረው ድልድይ ሊታይ ሲል ጌታቸው ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ካሣዬ ይናገራል?» አለ።

«ትናንት ይናገር ነበር። ዛሬን አላውቅም።»

ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋበት። ጌታቸው ድልድዩን ትቶ ወደ ሆስፒታሉ ታጠፈ።

የካሣዬ ክፍል በኮሪደሩ ጫፍ ነው። ያ ግዙፍ ቁመናው ተመናምኖ አንሶላው ሥር እንደ ሕፃን ሆኗል። ዓይኑ ግን ክፍት ነበር። አባይነሽ ቀድማ ገባች፤ ጌታቸው ጭቃ የያዘ ጫማውን ምንጣፉ ላይ ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ፣ ከዚያ ወዲያ የሚጠርገው ሲያጣ ገባ።

ካሣዬ አየው። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ከትከሻው በላይ አሻግሮ ወደ በሩ ተመለከተና፣ በዚያ በተሰነጠቀ ድምፁ፣ «አባይነሽ፣ ሴትየዋን ምነው አቆማችኋቸው? ወንበር ስጧቸው እንጂ» አለ።

በሩ ላይ ማንም አልነበረም። የጌታቸው ፊት ዓመድ መሰለ፤ ያቺ ቀይ መብራት ትዝ ሳትለው አልቀረችም። አባይነሽ ጥግ ያለውን ወንበር ስባ ከበሩ አጠገብ አኖረችው።

«ጋሼ» አለ ጌታቸው። ይህን ስም ከአፉ ካወጣው ዘመን የለውም።

ካሣዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጌታቸው ክው አለ። ወደ አባይነሽ ዞሮ፣ «አየሽ? አየሽ አይደል?» አላት። እሷ ሂድም፣ ተቀመጥም አላለችውም። እስከ በሩ ማምጣት የእሷ ነበር፤ ከዚህ ወዲያ ያለው የእነሱ ነው። ጌታቸው ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ተራመደና ባዶው ወንበር ፊት ሲደርስ፣ መንገድ የዘጉበት ያህል ቆመ። ምን እንዳየ ወይም ምን እንደሰማ ከዚያም ወዲህ ተናግሮ አያውቅም። ተመለሰ። ሌላ ወንበር አነሳ፣ አልጋውን ዞረ፣ በአልጋውና በግድግዳው መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ጉልበቱን አጣጥፎ፣ ከካሣዬ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

ካሣዬ ወደ ቀኙ ዞረ።

ጌታቸው ተነሳ፣ ወንበሩን ይዞ አልጋውን ዞረ፣ በቀኙ ተቀመጠ።

ካሣዬ እየቃተተ ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ጌታቸውም ወንበሩን ይዞ ተመለሰ። የወንበሩ እግር ወለሉን ሲያፋጭ ከውጭ የምታልፈው ነርስ አንገቷን ብቅ አድርጋ ሄደች። ልጅ ሆነው አባታቸው ማሳ ላይ በርበሬ ሲጠብቁ እንዲህ ነበር የሚበሻሸቁት፤ አባይነሽ አፏን በሻሿ ያዘች፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አላወቀችውም።

«አደከምከኝ» አለ በመጨረሻ ካሣዬ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

«አንተ ነህ ያደከምከኝ። ስድሳ ዓመት አልፎኝ በአልጋ ዙሪያ ታስሮጠኛለህ?»

«ማን ጠራህ?»

«ማንም አልጠራኝም። መጣሁ።»

ካሣዬ ዓይኑን ገለጠ። ፊቱን አላዞረም። ትንሽ ቆይቶ ግን ቀና አለና ወደ በሩ፣ «ደህና ይግቡ፣ እሜቴ» አለ፤ ሰው ሲሸኝ እንደሚል። አባይነሽ ወንበሩን አየችው። ያው ባዶ ወንበር ነው። የማጅራቷ ብርድ ግን ለቀቃት፤ ከጠዋት ጀምሮ አብሯት የነበረው ነገር ከክፍሉ ሲወጣ እንደ ጥላ አለፋት።

ካሣዬ ሐኪሟ ካለችው በላይ ቆየ። ጌታቸው ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ከአልጋው አጠገብ አልተነሳም፤ ውኃ በማንኪያ ያጠጣዋል፣ ከንፈሩን በእርጥብ ጥጥ ያብሳል። መጀመሪያ ስለ በሬዎቻቸው ስም፣ ስለ አባታቸው ቁጣ ብቻ ነበር የሚያወሩት። አንድ ቀን አባይነሽ ሾርባ ይዛ ስትመጣ ግን ከኮሪደሩ ጀምሮ ክርክር ሰማች። በሩ ላይ ቆማ ጆሮዋን ጣለች።

«ሕዝቡ ወጥቶ ነበር እኮ! ያ ሁሉ ሰው ሞኝ ነው?»

«ሞኝ አላልኩም። ችኩል ነው ነው ያልኩት፤ እንዳንተ።»

«አገር ተቃጥሎም አልነቃህም፣ ጋሼ።»

«አገር ያቃጠለው... ውኃ ስጠኝ... አገር ያቃጠለውማ የናንተ ችኮላ ነው።»

ነርሷ ከአባይነሽ አጠገብ መጥታ ቆመች። «ሁሉም ደህና ነው? የሚጣሉ ይመስላል» አለች በሹክሹክታ።

«ስለ ምርጫ ነው» አለቻት አባይነሽ።

«የቱ ምርጫ? የእኛው?»

«የለም። የቆየ ነው።» ከዚያ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ፣ «እባክሽ ተያቸው» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ተከራከሩ። ካሣዬ ትንፋሹ ሲያጥረው ጌታቸው ይጠብቀዋል፤ ኃይል ሲያገኝ ይቀጥላል። አንዱ ሌላውን አላሳመነም። ስለ ማይኩም፣ ስለ ለቅሶውም፣ ይቅርታም የሚባል ነገር አልተነሳም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ አንሶላው ላይ ወጥታ ነበር። አባይነሽ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች። ጌታቸው ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠግቶ፣ ሁለት ጣቱን እንደ ድሮው ቀስሮ ይናገራል።

«እሺ፣ ይህን መልስልኝ። ትክክል ከነበራችሁ ለምን ፈራችሁ? ንገረኛ።»

ካሣዬ አልመለሰም። ጌታቸው ትንፋሽ እስኪሰበስብ ጠበቀው፤ እንደ ልማዱ ነው። አባይነሽ ከመቀመጫዋ ተነሳች። እሷ ገብቷታል።

«ጋሼ፣ ንገረኛ» አለ ጌታቸው።

ደግሞ ጠበቀ። ጣቱ ቀስ በቀስ ታጠፈ። የወንድሙን እጅ ያዘ፣ አሸት አሸት አደረገው፣ ወደ ፊቱ ዝቅ አለ።

«እሺ በቃ። ያንተው ይሁን» አለው። «ያንተው ይሁን፤ ብቻ መልስልኝ።»